ዘይት የሚያፈስ አሮጌ ኮሮላ፦ ምንጩን ማግኘትና መጠገን

ዘይት የሚያፈስ መኪና ጋራዥ ሲገባ ቶሎ ከሚሰጡ ፍርዶች አንዱ «የኋላው ኦይል ሲል ሄዷል፤ ካምቢዮ ይውረድ» የሚለው ነው። ኦይል ሲል በሚዞር ዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግድ ማሸጊያ ነው። ከሥር ለሚያይ ሰው እውነት ይመስላል፤ ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ቦታ በዘይት ርሷል። ነገር ግን ዘይት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የረጠበው ቦታ ዘይቱ የደረሰበት እንጂ የተነሳበት ላይሆን ይችላል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው፦ አንዲት የጎማ ቀለበት መቀየር ሲበቃ ካምቢዮ ወርዶ ይሰቀላል፣ ፍሳሹም በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል።

ይህ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለተሠሩ የቶዮታ ኮሮላዎች ነው፤ በተለይ 4ኤ-ኤፍኢ፣ 5ኤ-ኤፍኢ ወይም 7ኤ-ኤፍኢ ሞተር ላላቸው። የመጀመሪያው 1,587፣ ሁለተኛው 1,498፣ ሦስተኛው 1,762 ሲሲ ነው። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ ዘይት የሚያፈሱባቸው ቦታዎች ይመሳሰላሉ። ሌላ መኪና የያዘ ሰውም የፍለጋውን ቅደም ተከተል እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል፤ የብሎን ማጥበቂያ ልኩን ግን ከራሱ መኪና የጥገና መጽሐፍ ይውሰድ።

መጀመሪያ ፈሳሹን ይለዩ

ማታ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ከሞተሩ ሥር ሰፊ ካርቶን ያንጥፉ። የፊት ጎማዎቹ ያሉበትን ቦታ በእስክሪብቶ ካርቶኑ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ጠዋት ጠብታው ከየትኛው የሞተር ክፍል ሥር እንደወደቀ የሚያውቁት በዚህ ነው። የሞተር ዘይት ቡናማ ወይም ጥቁር ነው። ቀይ ከሆነ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል። የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ወፈር ይላል፣ ሲሸተትም የድኝ ዓይነት ሽታ አለው፤ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። የራዲያተር ፈሳሽ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆኖ ጣፋጭ ነገር ይሸታል። የፍሬን ዘይት ቀጭንና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው፤ እሱ ከሆነ መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ ያስጠግኑ። ኤር ኮንዲሽነር ካለ ከሥሩ የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውኃ ችግር አይደለም።

ጠብታው የወደቀበት ጊዜም ይናገራል። መኪናው ቆሞ ሲያድር ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ዘይቱ በራሱ ክብደት እየወረደ ነው፤ የቫልቭ ክዳን (የሞተሩ የላይኛው ሽፋን)፣ ኮፓ (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ወይም የኮፓው ማፍሰሻ ቡሎን ይጠረጠራሉ። ቆሞ ደረቅ ሆኖ ሲነዱት ብቻ የሚቀንስ ከሆነ ግፊት ያለበት ቦታ ነው፤ የዘይት ግፊት ስዊች፣ ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያ) ወይም የዘይት ፓምፑ አካባቢ።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሞተሩ ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ይመልከቱ። በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት ሊትር ገደማ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ጽፈው ይያዙና በየ500 ኪሎ ሜትሩ ይለኩ። ዘይቱ እየቀነሰ ካርቶኑ ላይ ግን ምንም የማይወድቅ ከሆነ ሞተሩ እያፈሰሰ ሳይሆን እያቃጠለ ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት ሲነሳ ወይም ቁልቁለት ወርደው ነዳጅ ሲሰጡ ሰማያዊ ጭስ ከኋላ ይወጣል። ያ የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ሲል ጉዳይ ስለሆነ ከታች የተጻፈው አያድነውም። አንድ ነገር ደግሞ ያስታውሱ፦ ከላይኛው ምልክት አሳልፎ መሙላት ራሱ ፍሳሽ ያመጣል፣ ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋልና።

ሳያጥቡ ምንም አይግዙ

በአዲስ አበባ አቧራ የተለበጠ ሞተር ላይ አዲስና አሮጌ ፍሳሽ መለየት አይቻልም። ሞተሩ ለብ ብሎ ሳይግል ዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን)፣ ዲናሞውንና የአየር ማጣሪያውን አፍ በፌስታል ሸፍነው ያስሩ። የቅባት ማስለቀቂያ ፈሳሽ ወይም ነጭ ጋዝ በብሩሽ ይቀቡ፣ 10 ደቂቃ ያቆዩት፣ ከዚያ በዝግታ በሚወርድ ውኃ ያጥቡ። በቤንዚን በፍጹም አይጠቡ፤ ትነቱ ከትንሽ ብልጭታ ይያያዛል። ነጭ ጋዝ ሲጠቀሙም ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈትቶ፣ ሜዳ ላይ ይሁን። ላቫጆ ሄደው የሚያሳጥቡ ከሆነ በከፍተኛ ግፊት ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ እንዳይረጩ ይንገሯቸው፤ ውኃው ካንዴላዎቹ የተቀመጡበት ጉድጓድ ገብቶ ሞተሩ ይቆራርጣል።

ሲደርቅ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ነድተው ይመለሱና በእጅ ባትሪ ይፈልጉ። ፍለጋው ሁልጊዜ ከላይ ይጀምራል። የረጠበ ቦታ ሲያገኙ ጣትዎን ከዚያ ወደ ላይ ያስኪዱ፤ ደረቅ ብረት የሚጀምርበት ከፍታ ላይ ያቁሙ። ምንጩ እዚያ መስመር ላይ ነው።

ፍሳሹ በጣም ዝግ ያለ ከሆነ ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንዱ የሕፃን ፓውደር ነው፦ ታጥቦ በደረቀ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ በስሱ ነፋ ያድርጉበት፣ ሞተሩን 15 ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡ) ያቆዩት፤ ዘይቱ በነጩ ላይ የሄደበት መንገድ ጥርት ብሎ ይታያል። ሁለተኛው ዘይት ውስጥ የሚጨመር የሚያበራ ቀለም ነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምረው አንድ ቀን ይንዱ፣ ማታ በአልትራ ቫዮሌት ባትሪ ይመልከቱ፤ ፍሳሹ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ለታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን ዘንጎች ለሚያያይዘው ቀበቶ) ክፍልና ለኋላው ሲል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ከጓርኒሲዮን በፊት ፒሲቪ ቫልቭ

ይህን ክፍል የሚዘል ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል። ሞተር ሲሠራ ከፒስተኖቹ ጎን ሾልኮ ወደ ኮፓ የሚወርድ ጋዝ አለ። ያንን ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው መልሶ የሚያስስበው ፒሲቪ ቫልቭ ነው፤ በእነዚህ ሞተሮች ላይ የቫልቭ ክዳኑ ላይ በጎማ ተሰክቶ ይገኛል። ቫልቩ በዝቃጭ ሲደፈን በሞተሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱን ባገኘው ደካማ ሲል በኩል ይገፋዋል። አዲስ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ቢገጥሙ እንኳ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያልበዋል።

ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ቫልቩን ከጎማው ነቅለው ጫፉን በጣትዎ ይድፈኑት፤ ጣትዎን ሳብ ሊያደርገው ይገባል። ከዚያ አጥፍተው ከቱቦው ያውጡትና ያንቀጥቅጡት፤ ውስጡ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማል። በክዳኑ በኩል ባለው ጫፍ ሲነፋበት አየር በቀላሉ ያልፋል፣ በቱቦው በኩል ሲነፋ ግን እምብዛም አያልፍም። ነፍቶ ለማየት ንጹሕ ቱቦ ሰክተው ይንፉ፣ በአፍዎ አይሳቡ። አንዱ ከጎደለ ይቀይሩት፤ ዋጋው ትንሽ ነው። የተሰካበት ጎማ ከደረቀም አብሮ ይቀየር፤ ቱቦው ውስጡ ተጣብቆ እንደሆነ አጥፈው ይዩት።

ቫልቩ አዲስ ሆኖ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት አሁንም ጭስ እየተገፋ የሚወጣ ከሆነ ፋሻዎቹ ተበልተዋል ማለት ነው፤ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ይለካ። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ የዲስትሪቢዩተሩ ሶኬት ተነቅሎ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ተረግጦ ይለካል። የ4ኤ-ኤፍኢ መደበኛ ልክ 191 ፒኤስአይ፣ ዝቅተኛው 142 ፒኤስአይ ነው፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ14 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም። ይሁን እንጂ እነዚህ ቁጥሮች ለባሕር ጠለል ከፍታ የተሰጡ ናቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይገፋል፤ ጌጁም በዚያው መጠን ዝቅ ብሎ ያነባል። እዚህ 145 ያነበበ ጤነኛ ሞተር አለ። ስለዚህ ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ይመኑ፤ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ሞተር ይውረድ» የሚል ፍርድ ሲሰጥም ከፍታው ታሳቢ ተደርጎ እንደሆነ ይጠይቁ።

የቫልቭ ክዳን

በእነዚህ ሞተሮች ላይ ዋናው ተጠርጣሪ ይህ ነው። የጎማው ጓርኒሲዮን ከዓመታት ሙቀት በኋላ እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል፤ ሲያጥፉት ከተሰበረ ዕድሜው አልቋል። ከውጭ ሲያፈስ ዘይቱ የጭስ ማኒፎልድ ላይ እየወደቀ ይቃጠላል፤ መብራት ላይ ሲቆሙ በኮፈኑ በኩል የሚመጣው የተቃጠለ ዘይት ሽታ ከዚህ ነው። ይህ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ከሌሎቹ ፍሳሾች ሁሉ ቀድሞ ይጠገን። ከውስጥ ሲያፈስ ደግሞ በካንዴላ ጉድጓዶቹ ዙሪያ ያሉትን ክብ ሲሎች ዘይቱ አልፎ ጉድጓዱን ይሞላዋል፣ የካንዴላ ገመዱ ጎማ ይበሰብሳል፣ ሞተሩ ይቆራርጣል።

የሚገዛው፦ የክዳኑ ጓርኒሲዮን፣ አራት የካንዴላ ጉድጓድ ሲሎች፣ የክዳኑ ዳዶዎች ሥር የሚገቡት የጎማ ሮንዴላዎች፣ ዘይት የሚቋቋም የሞተር ሲሊኮን አንድ ቱቦ። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዙ የሞተሩን ኮድ ይናገሩ፤ «የኮሮላ» ማለት ብቻ አይበቃም፣ ከአንድ ዓመት ኮሮላ ላይ የተለያየ ሞተር አለና። ጎማውን በጣትዎ አጥፈው ይሞክሩት፦ ለስላሳና ተመላሽ ከሆነ ጥሩ ነው፤ የደረቀ፣ የተጣመመ ወይም ጠርዙ ላይ የሻጋታው ትርፍ የሚታይበት ከሆነ ይተዉት። በሲሎቹ ላይ የኤንኦኬ ምልክት ያለበት የጃፓን ሥራ ካገኙ ልዩነቱን ይክፈሉ፤ ጉልበቱ ከዕቃው ስለሚበልጥ ኮፒ ገጥሞ መልሶ መፍታት አያዋጣም።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ። የካንዴላ ገመዶቹን ከ1 እስከ 4 በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርገው፣ ገመዱን ሳይሆን የጎማ እጀታውን ይዘው እያወዛወዙ ይንቀሉ። ጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ካለ ካንዴላውን ከመፍታትዎ በፊት በመርፌ ሲሪንጅና በቀጭን ቱቦ ስበው፣ የቀረውን በጨርቅ ያድርቁ፤ አለበለዚያ ካንዴላው ሲወጣ ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ይወርዳል። የፒሲቪውንና የመተንፈሻውን ቱቦ ያላቁ። የክዳኑን ዳዶዎች በ10 ቁጥር ቡሶላ ይፍቱ። ክዳኑ ከተጣበቀ በጎማ መዶሻ ወይም በእንጨት ጎኑን ቀስ ብለው ይምቱ። ካቻቢቴ ሰክቶ መፈልቀቅ የአሉሚኒየሙን ፊት ይጭረዋል፤ ያ ጭረት ለዘላለም የሚያፈስ ቦይ ይሆናል።

ክዳኑ እንደተነሳ ክፍት ቦታዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑ። የአሮጌውን ሲሊኮን ቅሪት በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ ያንሱ። የክዳኑን ቦይና የቴስታታውን ፊት በፍሬን ማጽጃ በተነከረ ጨርቅ ደረቅ እስኪሆን ይጥረጉ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ቅባት ያለበት ፊት ላይ አይዝም። ጓርኒሲዮኑን በክዳኑ ቦይ ውስጥ ዙሪያውን በጣትዎ እየተጫኑ ያስገቡ። ሲሊኮን የሚያስፈልገው የካም ሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) መያዣ ቆቦች ከቴስታታው ጋር የሚገናኙባቸው ማዕዘኖች ላይ ብቻ ነው፤ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ ትበቃለች። ዙሪያውን ሁሉ ሲሊኮን መቀባት ልማድ ሆኗል፣ ግን ጎማው ይንሸራተታል፣ ወደ ውስጥ የተረፈው ደግሞ ተቆርጦ ወርዶ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል።

ክዳኑን ቀጥ አድርገው ያውርዱ። ዳዶዎቹን በእጅ ያስይዙ፣ ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር በሁለትና ሦስት ዙር ያጥብቁ። ልኩ 6 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ቶርክ ሬንች ከሌለዎት በአጭር ክሪኬት በጣቶች ኃይል ብቻ ማለት ነው። የሚያፈስ ክዳን ላይ ጉልበት መጨመር ጎማውን ጨፍልቆ ያወጣዋል፣ ክዳኑንም ያጣምማል። ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት በሲሊኮኑ ቱቦ ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ሰዓት ይጠብቁ። ገመዶቹን ሲመልሱ የተኩስ ተራው 1-3-4-2 ነው።

ካምቢዮ ለምን በከንቱ ይወርዳል፦ የዲስትሪቢዩተሩ ቀለበት

ዲስትሪቢዩተሩ ከካም ሻፍቱ ጫፍ ጋር ተያይዞ ቴስታታው ላይ፣ ልክ ከካምቢዮው በላይ ይገኛል። በአንገቱ ዙሪያ ያለችው ኦሪንግ ስትደርቅ ዘይቱ በቴስታታው ጎን ወርዶ ካምቢዮውና ሞተሩ በሚገናኙበት መስመር ላይ ይጠራቀማል፤ ከሥር ሲታይ ከኋላው ሲል ፍሳሽ ምንም አይለይም። ስለዚህ ካምቢዮ ይውረድ የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ ከዲስትሪቢዩተሩ ሥር እጅዎን አስገብተው ይዳስሱ። እዚያ ከረጠበ ሥራው የአንድ ሰዓት ነው።

የዲስትሪቢዩተሩን አካልና ቴስታታውን የሚያገናኝ አንድ መስመር በነጭ ቀለም ይሳሉ። ክዳኑን ፈትተው ሮተሩ ወዴት እንደሚያመለክትም ምልክት ያድርጉ። ሶኬቱን ነቅለው ማሰሪያ ብሎኖቹን ይፍቱና እያወዛወዙ ቀጥታ ወደ ውጭ ይሳቡ። ዲስትሪቢዩተሩ ወጥቶ ሳለ ሞተሩ እንዳይዞር፤ ማንም ቁልፍ እንዳያዞር ያድርጉ። አሮጌውን ኦሪንግ ይቁረጡ፣ ቦዩን ያጽዱ፣ አዲሱን በንጹሕ ዘይት ቀብተው ያስገቡ። በምልክቶቹ መሠረት መልሰው ይግጠሙ። ከዚያ በምርመራ ሶኬቱ ላይ ቲኢ1 (TE1) እና ኢ1 (E1) የሚሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝተው፣ በሚኒሞ፣ በታይሚንግ መብራት ይለኩ፤ 10 ዲግሪ መሆን አለበት። ሽቦውን ሳይነቅሉ እንዳይሄዱ።

ክዳኑን ሲከፍቱ ውስጡ ዘይት ካገኙ ግን ያለፈው የዘንጉ የውስጥ ሲል ነው። ኦሪንግ መቀየር አይረዳም፤ ዲስትሪቢዩተሩ ተፈትቶ ሲሉ ይቀየራል፣ ወይም ሌላ ይገጠማል።

ጥቂት ደቂቃ የሚፈጁት

የዘይት ግፊት ስዊቹ መካከሉ ፕላስቲክ ነው፤ ዘይት በሽቦው መሰኪያ በኩል ከወጣ ስዊቹ ራሱ ይቀየራል። ጥርሱ (የሚጠመዘዝበት ክር) ላይ ትንሽ የብሎን ጥርስ ማሸጊያ ይቀቡ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥርሶች ግን ባዶ ይተዉ። ቴፍሎን መጠቅለል አይመከርም፦ ስዊቹ መሬቱን የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ስለሆነ የዘይት መብራቱ ላይሠራ ይችላል።

ፊልትሮ ሲቀየር የአሮጌው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከታሰረ፣ ለጥቂት ደቂቃ የያዘ መስሎ ድንገት ይፈነዳል፤ ዘይቱ ሁሉ መንገድ ላይ ያልቃል። ሁልጊዜ የማረፊያውን ፊት በጨርቅ ይጥረጉ፣ በጣት ይዳስሱ። አዲሱን ጎማ በዘይት ቀብተው በእጅ ያዙሩ፤ ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ብቻ።

የኮፓው ማፍሰሻ ቡሎን ሮንዴላ በየዘይት ለውጡ ይቀየራል። ቡሎኑ 34 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፤ በረጅም ቁልፍ መጎተት ጥርሱን ይበላዋል። ጥርሱ የተበላ ከሆነ ቴፍሎን ጠቅልሎ መመለስ መንገድ ላይ የሚያስቀር ነገር ነው፤ ኮፓው ወርዶ አዲስ ጥርስ ይበጅለት ወይም ይቀየር።

ኮፓው

ኮፓው በፋብሪካ የተዘጋው በሲሊኮን ነው። ከመንካትዎ በፊት ከላይ ያሉት ሁሉ ደረቅ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ኮፓ ከሁሉም በታች ስለሆነ የሁሉም ዘይት ተጠራቅሞ የሚታየው እሱ ላይ ነው።

መኪናውን በክሪክ ካነሱ በኋላ በብረት ካቫሌቶ ላይ ያሳርፉ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ያግዱ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር አይግቡ፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ዘይቱን አፍስሰው የፊተኛውን የጭስ ቧንቧና የሚያግዱ ድጋፎችን ያንሱ። ብሎኖቹ 10 ቁጥር ናቸው። ኮፓውን በቀጭን ስለት ዙሪያውን እየቆረጡ ያላቁት። ቀድሞ ከልክ በላይ ተጎትቶ ከነበረ የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ወደ ላይ ተገፍቷል፤ ጠርዙን እንጨት ላይ አስቀምጠው በመዶሻ ቀስ እያሉ ያቅኑ። ይህ ካልተደረገ ምርጥ ሲሊኮንም አይዘጋውም። ሁለቱንም ፊት አጽድተው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ያልተቋረጠ መስመር ከብሎን ቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል ያሳልፉ፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይግጠሙ። የማጥበቂያ ልኩ 5 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ዘይት የሚሞሉት ሲሊኮኑ ከደረቀ በኋላ ነው።

በታይሚንግ ቺንጋው በኩል

ከፑሌጃዎቹ ጎን፣ ከታይሚንግ ሽፋኑ ሥር ዘይት ከወጣ ሦስት ተጠርጣሪ አለ፦ የካም ሻፍቱ ሲል፣ የፊተኛው የክራንክ ሻፍት ሲል እና የዘይት ፓምፑ ጓርኒሲዮን። ወደ ሦስቱም ለመድረስ ቺንጋው ስለሚወርድ ይህ ሥራ ከቺንጋ ለውጥ ጋር፣ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአንድነት ይሠራ። ዘይት የነካው ቺንጋ ቢጠረግም አይመለስም፤ ጎማው ያብጣል፣ ጥርሱ ይላቀቃል። የ4ኤ-ኤፍኢ ቺንጋ ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቭ አይጋጩም፤ ቢሆንም መንገድ ላይ መቆም አይቀርም።

አሮጌውን ሲል ሲያወጡ ዘንጉን መጫር ትልቁ ስህተት ነው። በሲሉ የብረት ክፍል ላይ ሁለት ትናንሽ ብሎኖች አስገብተው በፒንሳ ይሳቡ፣ ወይም የካቻቢቴውን ጫፍ በፕላስተር ጠቅልለው ያንሱ። ከዚያ ዘንጉን በጥፍርዎ ይዳስሱ፦ አሮጌው የጎማ ከንፈር የቆፈረው መስመር ከተሰማዎት አዲሱን ሲል ከበፊቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ቀርቶ እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ ከንፈሩ ያልተበላ ብረት ላይ ያርፋል። ከንፈሩን ዘይት ወይም ግራሶ ይቀቡ፤ ደረቅ የገባ ሲል ሞተሩ እንደተነሳ ይቃጠላል። የሲሉን ጠርዝ በሚያህል ቧንቧ ዙሪያውን እኩል እየመቱ ያስገቡ። የክራንክ ፑሌጃው ብሎን 118 ኒውተን ሜትር ይታሰራል፤ የታይሚንግ ምልክቶቹ መግጠማቸውን ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው ካዩ በኋላ ይዝጉ።

የኋላው ሲል

አሁን ከላይ ያሉት ሁሉ ደረቅ ሆነው ከካምቢዮውና ከሞተሩ መገናኛ ታችኛ ነጥብ ዘይት ከቀጠለ፣ ያን ጊዜ ካምቢዮ መውረዱ ተገቢ ነው። ከመውረዱ በፊት ጠብታውን ያሽትቱ፦ ድኝ ከሸተተ የካምቢዮው የራሱ የፊት ሲል ነው እንጂ የሞተሩ አይደለም። ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑ መንሸራተትና የተቃጠለ ሽታ መስጠት ከጀመረ ዘይቱ ዲስኩን ደርሶታል፤ ዲስኩ ታጥቦ አይድንም፣ አብሮ ይቀየራል። ጉልበቱ አንድ ስለሆነ ካምቢዮ በወረደ ቁጥር የኋላው ሲል፣ የሲሉ መያዣ ጓርኒሲዮንና የካምቢዮው የፊት ሲል ሦስቱም ይቀየሩ። ፍሳሹ በቀን አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከሆነና ፍሪሲዮኑ ደህና ከያዘ፣ ዘይቱን እየተከታተሉ እስከሚቀጥለው የፍሪሲዮን ለውጥ መጠበቅ ያዋጣል።

በጠርሙስ የሚሸጠው የፍሳሽ ማቆሚያ የደረቀን ጎማ አሳብጦ ለጥቂት ወራት ፍሳሹን ሊቀንስ ይችላል፤ የተሰነጠቀ ሲልን፣ የተጫረን ብረት ወይም የተደፈነ ፒሲቪን ግን አይፈታም። ወፍራም ዘይት መጨመርም ፍሳሹን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ በአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ጠዋት ደግሞ ወደ ላይኛው ክፍል ቶሎ አይደርስም። የዘይት መብራቱ እየሄዱ ከበራ ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ፤ ጋራዡ ቅርብ ነው ብለው አይንዱ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ሞተሩን እንደገና ያጥቡ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ካርቶኑን መልሰው ያንጥፉ። በሞተሩ ሥር ባለው መከላከያና በድጋፍ ብረቶቹ ጉድጓዶች የተጠራቀመ አሮጌ ዘይት ለቀናት ሊንጠባጠብ ስለሚችል በመጀመሪያው ጠዋት ጠብታ አይደንግጡ፤ ከሳምንት በኋላ የተጠገነውን ቦታ በነጭ ወረቀት ጠርገው ይዩት። ያፈሰሱትን ዘይት በጀሪካን አጠራቅመው ያገለገለ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ ይስጡ፤ ወደ ቦይም ሆነ ወደ አፈር አይድፉት።